ተሳፋሪ፣ ታሪፍና ረዳት፤ ከየካ እስከ እንጦጦ

እንደሚታወቀው የአዲስ አበባ ታሪክ ሲጻፍ ከቤተ መንግሥት ይነሣና ወደ ቤተ መንግሥት ይመለሳል። እንጦጦ ሲጠራ ዘውድ፣ ፍልውሃ ሲጠራ እቴጌ፣ ገነተ ልዑል ሲጠራ የ1953 ታኅሣሥ ይነሣል። መልካም፤ ይህን የሚቃወም የለም። ግን ጠዋት ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነሥቶ ስድስት ኪሎ ለመድረስ የሚጋፋው፣ ከኮተቤ ተነሥቶ መገናኛ ላይ «እዚህ ድረስ ነን፣ ውረዱ!» የሚባለው፣ ሒሳቡን ከፍሎ መልሱን እንደ ምጽዋት የሚለምነው ሰው ታሪክ የለውም ወይ? እኔ አለው ባይ ነኝ። የዛሬው ጽሑፌ ስለ እሱ ነው። ከአንባቢዎቼ መካከል ይህን ወረቀት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያነብ እንደማይጠፋ ስለማውቅ ጉዳዩን ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም።

ከላይ ከተራራው እንጀምር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ ሲጭኑ፣ ከታች ያለችው አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። በዚያ ዘመን «ተሳፋሪ» የሚባል ፍጡር አልነበረም። በቅሎ ያለው ይቀመጣል፣ የሌለው ይከተላል፤ ጌታው ወደ ግቢ ሲወጣ አሽከሩ ጋሻና ጠመንጃ ተሸክሞ ከኮርቻው ጎን ይሮጣል። ለመጓጓዝ የሚከፈለው በገንዘብ ሳይሆን በማዕረግ ነው ማለት ይቻላል። ታሪፍ አልነበረም፤ ስለዚህም በታሪፍ መነታረክ አልነበረም። ይህን ስል ያንን ዘመን እያመሰገንኩ አይደለም፤ አሽከሩ ስለ ዋጋ የማይከራከረው የሚከራከርበት ነገር ስላልነበረው ነው።

ተሳፋሪን የፈጠረው ባቡሩ ነው። የጅቡቲው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማንኛውም ሰው ቲኬት ከቆረጠ፣ ጭሰኛም ይሁን መኳንንት፣ በአንድ ሎኮሞቲቭ ይጎተታል። እርግጥ ማዕረጉ ተዘርዝሮ አላለቀም፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ተብሎ በፉርጎ ተደለደለ። ቢሆንም አሁን ማዕረጉ ዋጋ ወጣለት። በጥንቱ ጊዜ ባቡሩ ሌሊት ስለማይጓዝ መንገደኛው ድሬዳዋና አዋሽ እያደረ ነበር የሚሄደው። አዋሽ ላይ በዚያ በረሃ የሚበላውና የሚታደርበት ቦታ ጣቢያው ዘንድ ያለው ነው፤ ሌላ ሠፈር ሄጄ ዋጋ ላጠያይቅ የሚባል ነገር የለም። እዚህ ላይ ነው ዋናው ቁም ነገር። ሰው ከመሳፈሩ በፊት ገዢ ነው፤ ከተሳፈረ በኋላ ግን ምርኮኛ ነው።

ይህ ነገር የድሃ አገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሌላው ዓለም በመዝናኛ መርከብ ባሕር ለባሕር የሚንሸራሸሩት ባለ ገንዘቦችም በዚሁ ጉዳይ ሲያማርሩ ይሰማል። ቲኬቱ ርካሽ ተብሎ ይሸጥላቸዋል፤ መርከቡ ወደቡን ከለቀቀ በኋላ ግን መጠጡ ለብቻ፣ ኢንተርኔቱ ለብቻ፣ ወደ ወደብ ወርዶ መጎብኘቱ ለብቻ ይታሰባል። የአስተናጋጆቹ ጉርሻ እንኳ ሳይጠየቁ በየቀኑ ሒሳባቸው ላይ ይደመርባቸዋል። ባሕር መካከል «ወራጅ አለ!» አይባል! የኛ ሰው ከነዚህ የሚሻለው ቢያንስ ሾላ ገበያ ላይ ተናድዶ መውረድ መቻሉ ነው። የሁለቱ ኪስ ግን ለንጽጽር አይቀርብም፤ ለአንዱ የተበላሸ ሽርሽር ነው፣ ለሌላው የልጁ የትምህርት ቤት ዳቦ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን እንመለስ። ጣሊያን ሲወጣ ጥሏቸው ከሄደው ነገር መካከል ወታደራዊ የጭነት መኪኖች ይገኙባቸዋል። በ1930ዎቹ አጋማሽ ከነዚህ ጥቂቶቹ ተጠግነው ሰው ማመላለስ ጀመሩ፤ የአንበሳ አውቶቡስ አመጣጥ ይኸው ነው። በ1944 ዓ.ም. ገደማ ድርጅቱ አክሲዮን ማኅበር ሆነ፤ ዋነኞቹ ባለ ድርሻዎችም ንጉሣውያን ቤተሰቦች ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ድንጋይ ሲወረወር እንመለስበታለን። ተሳፋሪው አውቶቡስ በር ላይ ለቲኬት ቆራጩ የሚሰጣት ሳንቲም በስተመጨረሻ የት እንደምትገባ ሕዝቡ ያውቅ ነበር። በአውቶቡሱ ላይ የተሣለው አንበሳ የማን አርማ እንደሆነ ማንም አስተማሪ አያስፈልገውም ነበር።

ከአንበሳው ሌላ ትንንሾቹ ነበሩ። ሰማያዊና ነጭ የተቀቡት ፊያት ስድስት መቶዎች፣ ሕዝቡ ሴይቼንቶ የሚላቸው፣ በስሙኒ ያሳፍሩ ነበር። ኋላም ፒክአፑ ተቀይሮ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር ገባለትና ተሳፋሪው ፊት ለፊት እየተያየ መሄድ ጀመረ። ዘመኑ የውይይት ክበብና የውይይት መድረክ ዘመን ስለነበር መኪናውም «ውይይት» ተባለ። አይ የአዲስ አበባ ሕዝብ! ስም ሲያወጣ የሚያክለው የለም። በአውቶቡስ የሰው ማጅራት እያየን ስለምንሄድ የሚያነጋግረን የለም፤ በውይይት ግን ስለ ሒሳቡ አንዱ ካነሣ ሁሉም ያነሣል።

እንግዲህ ወደ የካቲት 1966 ዓ.ም. ደረስን። በዚያ ዓመት መስከረም መጨረሻ መካከለኛው ምሥራቅ ላይ ጦርነት ተነሥቶ፣ ነዳጅ አምራች አገሮች ዋጋውን በጥቂት ወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ አደረሱት። የኢትዮጵያ መንግሥትም የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ጨመረ። አሰብ ላይ በሶቪየት ብድር የተሠራ ማጣሪያ ነበረን፤ ግን የሚያጣራው ድፍድፍ ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ማጣሪያው ከዋጋው አላዳነንም። የካቲት 11 ቀን የታክሲ ነጂዎች መኪናቸውን አቆሙ። በዚያው ቀን መምህራን በሴክተር ሪቪው ምክንያት ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውም ተከተለ። በማግስቱ የካቲት 12 ነበር፤ ስድስት ኪሎ ሐውልቱ ሥር የሚውለውን ቀን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ብዙ ጽሑፍ የታክሲ ነጂዎቹን አድማ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፈዋል። «የነዳጅ ዋጋ በመጨመሩ ታክሲዎች አደሙ» ይልና ወደ ጦሩ፣ ወደ ነገሌና ወደ አሥመራ ይሄዳል። እኔ ግን እዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ትንሽ መቆም እፈልጋለሁ። ነጂው ለምን አደመ? ብዙው ነጂ መኪናው የራሱ አይደለም፤ ለባለቤቱ በየቀኑ የተወሰነ ገቢ ያስገባል። ቀኑ ቢዘንብም፣ ጎማ ቢተነፍስም ገቢው ገቢ ነው። ቤንዚኑን የሚሞላው ነጂው ነው። የተሳፋሪው ታሪፍ ደግሞ በላይ የተቆረጠ ስለሆነ በራሱ ፈቃድ መጨመር አይችልም። ታዲያ ከላይ ባለቤቱ፣ ከታች ታሪፉ የተቸነከረ ሆኖ ሳለ፣ ቤንዚን በግማሽ ሲጨምር ያ ጭማሪ የሚያርፈው የት ነው? ነጂው ጉሮሮ ላይ ነው። ከዚህ ለመውጣት ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ ያድማል፣ ወይ ተሳፋሪውን ያታልላል። በየካቲት አደመ። ከዚያ ወዲህ ባለው ግማሽ ምዕተ ዓመት ግን፣ ሳንዋሽ እንናገር ከተባለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

በነዚያ ቀናት ከተማው ውስጥ የተንቀሳቀሰ አውቶቡስ በድንጋይ ተመታ፤ የአንበሳ መስታወት ረገፈ። የአክሲዮኑን ነገር ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። ድንጋዩ ለሾፌሩ አልነበረም፤ ነገር ግን መስታወቱ ሥር የተቀመጠው ሾፌሩ ነው። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ የነዳጁ ዋጋ እንዲቀነስ፣ ሴክተር ሪቪውም እንዲዘገይ አደረጉ። የካቲት 20 የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፣ በማግስቱ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። የቀረውን ታውቁታላችሁ። እኔን የሚገርመኝ በዚህ ሁሉ ትርምስ ውስጥ መምህሩ ማኅበር አለው፣ ሠራተኛው ኮንፌዴሬሽን አለው፣ ነጂው ቢያንስ መሪውን መልቀቅ ይችላል፤ ተሳፋሪው ግን ማኅበርም ጥያቄም አልነበረውም። ሊኖረውም አይችል! ተሳፋሪ ማለት ተሳፋሪ የሚሆነው ለግማሽ ሰዓት ነው። ሲወርድ ነጋዴ ይሆናል፣ ተማሪ ይሆናል፣ እናት ይሆናል። ንዴቱን እመኪናው ውስጥ ጥሎት ይወርዳል፤ ንዴቱም ሌላ ሰው ተሳፍሮበት ይሄዳል።

በየካ ስላለነው ሰዎች ካነሣን ሌላም አንድ ነገር አለ። ከየካቲቱ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1958 ዓ.ም.፣ ሾላ ላይ ለማኞች ከየመንገዱ እየታፈሱ የሚታጎሩበት ካምፕ ነበር። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አይተው መጥተው ለተማሪው ተናገሩና «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው ሰልፍ ወጡ። ነገሩ ከታሪፍ ጋር ምን አገናኘው ትሉ ይሆናል። መክፈል የማይችል ሰው በከተማው ውስጥ መታየት እንደሌለበት መቁጠር ከሾላ አልተጀመረም፤ በሾላም አላበቃም።

የደርግ ዘመን ላይ ብዙ አልቆይም። አንበሳ በመንግሥት ተወረሰ፤ ታሪፉ በድጎማ ዝቅ እንዳለ ቆየ። ዋጋ በሳንቲም ያልተከፈለበት ግን በሰልፍ ተከፈለ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ፣ ሰዓት እላፊው ሌሊቱን ቆለፈው። ተሳፋሪውም በፌርማታ ቆሞ አንድ አውቶቡስ በር ተንጠልጥሎበት ሲያልፍ አይቶ፣ ሁለተኛውን ሲጠብቅ ይመሻል። ርካሽ ዋጋ የማይገኝ ነገር ላይ ሲለጠፍ ዋጋው ርካሽ ነው አይባልም።

አሁን ወደ ራሳችን ዘመን፣ ወደ ሚኒባሱ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሁላችንም ባለሙያ የምንሆነው። ጥያቄዬ አንድ ናት፤ ረዳቱ ለምን መንገድ ይቆርጣል? ከኮተቤ እስከ አራት ኪሎ ታፔላ ያለው መኪና ጠዋት ጠዋት መገናኛ ላይ ሰውን ለምን ያራግፋል? ክፋት ነው የምንል ብዙ ነን። ስሌቱን ግን እንሥራው። ታሪፉ የሚቆረጠው በርቀት ደረጃ ነው። የሁለት አጭር ጉዞ ዋጋ ቢደመር ከአንድ ረጅም ጉዞ ዋጋ ይበልጣል። ስለዚህ መንገዱን ሁለት ቦታ የቆረጠ መኪና በዚያው ቤንዚን፣ በዚያው አስፋልት፣ በዚያው ሰው የበለጠ ያገኛል። ሰው በበዛበት ሰዓት ወንበሩ እንደሚሞላ ስለሚያውቅ አይፈራም። ቀትር ላይ ሰው ሲጠፋ ያው ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ! ሙሉ መንገድ!» ብሎ ይለምናል። እንግዲህ ሰውየው አልተለወጠም፤ ሰዓቱ ነው የተለወጠው። በዚያ ላይ በየመጫኛው ተራ አስከባሪው የሚቀበለው አለ፤ ባለቤቱ የሚጠብቀው ገቢ አለ፤ ትራፊክ ፖሊስ የሚጽፈው ቅጣት አለ። ይኼ ሁሉ የሚወጣው ከየት ነው? ከመልሳችን ነው።

መልስ! ይህች ቃል የራሷ የሆነ የታሪክ ምዕራፍ ይገባታል። አንድ ቀን ከየካ ሚካኤል ወደ ታች ስወርድ የተሰማኝን ልንገራችሁ። አንዲት አሮጊት፣ ነጠላቸው በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተጣፋ፣ «ልጄ፣ መልሴን» አሉት። «እማማ ቆይ፣ ዝርዝር የለኝም፣ እሰጥዎታለሁ» አለ። ሁለት ፌርማታ አለፈ። «ልጄ፣ መልሴን» አሉት። «ኧረ እማማ፣ አልበላዎትም!» አለና መኪናው ውስጥ ያለነው ሳቅን። ሲወርዱ ዝርዝሩን አገኘው፤ ግማሹን። አሮጊቷ ቆጥረው ቀና ብለው አዩትና «ይባርክህ» ብለው ሄዱ። ሳቁ ቆመ። ረዳቱም፣ ዕድሜው አሥራ ስድስት ቢሆን ነው፣ በሩን ዘግቶ ለብዙ ጊዜ «ሙላ» አላለም። እኔ በዚህ ልጅ ላይ መፍረድ ያቅተኛል። በጠዋቱ የተበላው እሱ ሊሆን ይችላል፤ የማታው ሒሳብ ሲሠራ የጎደለው ከማን እንደሚቆረጥ ያውቃልና።

ከተማ አስተዳደሩ መፍትሔ አልፈለገም ማለት አይቻልም። በ2003 ዓ.ም. እያንዳንዱ ታክሲ በተመደበለት ቀጠና ታፔላ ለጥፎ እንዲሠራ ተደረገ። ታፔላው መንገዱን አሳወቀ፤ መንገድ መቁረጡን ግን አላስቀረም። የካቲት 21 ቀን 2008 ዓ.ም. (የካቲት ከታክሲ ጋር ምን ውል እንዳላት እንጃ!) ነጂዎች በአዲሱ የትራፊክ ቅጣት ደንብ ምክንያት መኪናቸውን አቁመው ሕዝቡ በእግሩ ዋለ፤ ደንቡም ለሦስት ወር እንዲዘገይ ተደረገ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጫን፣ ታሪፉም እጥፍ እንዲሆን ተፈቀደ። አብዛኛው ተሳፋሪ እሺ ብሎ ከፈለ። ግን ብዙ ሳይቆይ እጥፉን ሒሳብ ተቀብሎ ወንበሩንም የሚሞላ መኪና ታየ። ስሌቱን ከላይ የሠራችሁ ሰዎች አትደነቁም። በሐምሌ 2014 የነዳጅ ድጎማ ለሁሉም መሆኑ ቀስ በቀስ እንዲቀርና ለሕዝብ ማመላለሻ፣ ያውም በቴሌብር በኩል፣ እንዲሰጥ ተደረገ። ሐሳቡ ከ1966ቱ የተሻለ ነበር፤ ጭማሪው ነጂው ላይ ብቻ እንዳያርፍ ታስቦበት ነበር። ድጎማው ግን የተሰጠው ለመኪናው ነበር፤ ለአሮጊቷ መልስ የሚያሰጥ አንቀጽ አልነበረውም።

ባቡሩም ተመልሷል። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ቀላል ባቡር አገልግሎት ሲጀምር፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ከአያት በመገናኛ ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደው መስመር ሲከፈት፣ ዋጋው 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። የካ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። ርካሽነቱ ብቻ አይደለም፤ ቲኬቱ ከመሳፈር በፊት ይቆረጣል፣ ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው፣ መንገድ የሚቆርጥ የለም፣ «መልስ» ብሎ የሚለምን የለም። ሰው እንደ ሰርዲን ታሽጎ ሳለ እንኳ የሚሰደብ አልነበረም። መጨናነቁን ሕዝቡ ቻለው፤ መናቁን ነው የማይችለው።

የረጅም መንገዱን ነገር ሳላነሣ ባልፍ የወሎና የሰሜን ሸዋ ልጆች አይምሩኝም። ላምበረት መናኸሪያ በበዓል ዋዜማ ምን እንደሚመስል ለማያውቅ ሰው መንገር አይቻልም። ታሪፉ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ በሩ ላይ የሚጠየቀው ሌላ ነው፤ ቲኬቱ ላይ የሚጻፈው ግን ግድግዳው ላይ ያለው ነው። ከዚያ መንገድ ላይ ምሳ ይደርሳል። አውቶቡሱ የሚቆመው ሾፌሩና ረዳቱ በነጻ በሚበሉበት ቤት ነው። ተሳፋሪው ዋጋውን ሲሰማ ወደ ጎረቤት ምግብ ቤት ያያል፤ ግን አውቶቡሱ ጥሎኝ ይሄዳል ብሎ ይፈራል። ተማሪ የሆነው በሶውን በጥብጦ ይጠጣል። የነጻውን ጥብስ ዋጋ የሚከፍለው ማን እንደሆነ ለማወቅ የኢኮኖሚክስ ዲፓርትመንት መግባት አያስፈልግም። አዋሽ ጣቢያ ላይ ያደሩት የጥንት መንገደኞች ይህን ቢያዩ ፈገግ ይላሉ።

እስካሁን የጻፍኩት መክፈል ስለሚችለው ሰው ነው። በዚያው መንገድ ላይ ግን ታሪፍ የማይመለከተው ሰው አለ። መስከረም 1 ቀን የእንጦጦ ራጉኤል ንግሥ ሲሆን የሽሮ ሜዳው ታክሲ ሽቅብ ለመውጣት ዋጋ ይጨምራል፤ ምዕመኑም ሽማግሌውም «ለበዓል ነው» ብሎ ይከፍላል። በዚያው አስፋልት ዳር፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ እንጨት ለቃሚዎቹ ሴቶች ይወርዳሉ። ባሕር ዛፉ በ1880ዎቹ ለከተማው ማገዶ ተብሎ የተተከለ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ከተራራው ወደ ከተማ የሚወርደው ማገዶ ብዙውን ጊዜ የመጣው በሴት ጀርባ ነው። ሸክሙ ከተሸካሚዋ ይረዝማል። ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱ የሚያዩት አስፋልቱን ብቻ ነው፤ የመኪናውን ታፔላ አያዩም።

ለነሱ ማን ያቆማል? አውቶቡሱ ሸክም አይጭንም። ሚኒባሱ የሁለት ሰው ወንበር ይይዝብኛል ይላል። በእንጨቱ ዋጋና በታክሲው ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ መሳፈር የሚያሰኝ አይደለም። በፈረንሳይ በኩል የምትወርደውን አንዷን ስትደገፍ አግኝቼ፣ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አሳርፋ ስትተነፍስ፣ «እናቴ፣ በመኪና መጥተሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት። ጥያቄው ሞኝነት እንደሆነ የገባኝ ካወጣሁት በኋላ ነው። እሷ ግን ከልቧ አሰበችበት። «አንዴ» አለች፣ «ስታመም። ያን ጊዜ አልጠየቁኝም፣ ሒሳብ።» ከዚያ ገመዱን ደረቷ ላይ አጥብቃ ተነሣችና ወረደች፤ ከኋላዋ የመጣው ሚኒባስ ጡሩምባውን እየነፋ አለፋት።